የፈሪ ጉድጓድና የኦርቫል በረንዳ

ሚያዝያ ሲገባ በእኛ ከተማ ሰው ሰላምታውን ትቶ ቀለም ነው የሚጠያየቀው። ነዳጅ ማደያው ጋ ቢሆን፣ ፖስታ ቤት ቢሆን፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ቢሆን «ዛሬ ምን ላይ ነን?» ይባላል፤ የተጠየቀውም ጤናውን ሳይሆን ጠዋት በቴሌቪዥን የወጣውን የአውሎ ነፋስ ትንበያ ካርታ ቀለም ነው የሚመልሰው። አረንጓዴ ላይ ከሆንን ልብስ አጥበን እናሰጣለን። ቢጫ ላይ ብንሆንም እናሰጣለን፤ ዐይናችን ግን ከምዕራቡ ሰማይ አይነቀልም። ብርቱካናማ ከሆነ መኪናው ከዛፍ ስር ይነሳል፣ ዶሮዎቹም ይቆለፍባቸዋል። ቀይ የሆነ ቀን ሴቱ ሁሉ ራቱን በጠዋት አብስሎ ይጨርሳል፤ መብራት ከሄደ ወዲያ ማን ምድጃ ዳር ይቆማል። የኦክላሆማ ጸደይ እንዲህ ነው። ስንዴው ጉልበት ደርሶ፣ የኮክ ዛፉ አበባውን አራግፎ፣ ሰማዩ ደግሞ የሰሜኑን ቅዝቃዜና የደቡቡን ሙቀት እየጠራ እኛ አናት ላይ ሲያጋጥም።

ቨርሊን ስታኪ ያንን ካርታ ከዴል ራንሰም አፍ ካልሰማች አታምንም ነበር። ዴል በቴሌቪዥን የአየር ጠባይ የሚናገር፣ ጆሮው ትልልቅ፣ ፊቱ የደግ ሰው ፊት የሆነ ጎልማሳ ነው። በአካል አግኝታው አታውቅም። ባሏ ሎይድ ሲሞት ግን በዚያ ሁሉ ሐዘን መሃል «ዴል ይህን ቢሰማ እንዴት ያዝን» ብላለች ይባላል። ዴል ኮቱን እንደለበሰ ከተናገረ ምንም የለም። ኮቱን ካወለቀ ጫማ ይደረጋል። እጅጌውን ከጠቀለለ መውረድ ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ጎረቤቷ ኦርቫል ቴት ደግሞ የሌላው ጣቢያ ሰው፣ የቺፕ ሀድሊ ወገን ነበር። እኛ ጋ ሰው ቤተ ክርስቲያኑን ይለውጣል፣ አንዳንዱም ሚስቱን፤ የአየር ተናጋሪውን የለወጠ ግን ተሰምቶ አይታወቅም።

መውረድ ያልኩት ወደ ጉድጓዱ ነው። ሎይድ ገና አዲስ ሙሽራ ሳለ አውሎ ነፋስ የትምህርት ቤቱን ጣሪያ አንስቶ ከስንዴ ማሳ መሃል ባስቀመጠበት ዓመት፣ ከወንድሞቹ ጋር ሆኖ በጓሮ በኩል ቀዩን አፈር ቆፍሮ፣ ግድግዳውን በሲሚንቶ አስለስኖ፣ ደረጃ አውጥቶለት፣ ከላይ ከባድ የብረት መዝጊያ አጋደመበት። አገሩ ሁሉ እንዲህ ያለውን ከአውሎ ነፋስ መሸሸጊያ «የፈሪ ጉድጓድ» ነው የሚለው፤ ስም ያወጡለትም መጀመሪያ የሚሮጡት ራሳቸው ናቸው። በዚያን ጊዜ ሰማዩ ሲጠቁር የመንገዱ ሰው በሙሉ ቨርሊን ጓሮ ይመጣ ነበር። አንዷ ሕፃን ታቅፋ፣ አንዱ ዶሚኖ በኪሱ ይዞ፣ አንዷ ከምድጃ ያወጣችውን ዶሮ ከነትሪው አንከርፍፋ። ከላይ በረዶው ብረቱን ሲደበድብ ከታች ዶሚኖው ይንኳኳል፣ ይበላል፣ ይታማል። ብዙ ትዳር የተጀመረው እዚያ ነው። አንድ ሁለቱም የፈረሰው እዚያ ነው።

አሁን ያ ሁሉ የለም። ልጆቹ ወደ ከተማ ሄዱ፣ ሽማግሌዎቹ ወደ መቃብር ሄዱ፣ አዲስ ቤት የሠሩትም መኪና ማቆሚያቸው ውስጥ የብረት ሣጥን አስተክለው እዚያው ይገባሉ። ጉድጓዱ ውስጥ የቀሩት አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ፋኖስ፣ መደርደሪያ ሙሉ በጠርሙስ የታሸገ የኮክ ፍሬ፣ ከጠርሙሶቹም ኋላ ዲያቆን ናቸው። ዲያቆን ጥቁር እባብ ነው፤ መርዝ የለውም፣ አይጥ ይበላል፣ ማንንም አይነካም። ሁልጊዜ ጥቁር ለብሶ ድምፁን ሳያሰማ ስለሚሄድ ነው ሎይድ ይህን ስም ያወጣለት። የመጀመሪያው ዲያቆን ሞቶ በሌላ ተተክቶ ይሆናል፤ ቨርሊን ግን ሹመቱን እንጂ ሰውየውን አልመረመረችም።

ነገሩ የመጣው በፋሲካ ነው። ልጇ ጆሊን ከከተማ መጥታ ከምሳ በኋላ እናቷ ጉድጓዱን ልትከፍት ስትታገል አየቻት። የቨርሊን ጉልበት ካበጠ ሰንብቷል፣ ትከሻዋም እንደ ድሮው አይደለም። መዝጊያውን ግማሽ ድረስ አንስታ ለቀቀችው፤ ብረቱ ሲወድቅ ውሾቹ ሁሉ ጮኹ። ጆሊን የተናገረችው ማታ ሳህን እያደረቀች ነው፤ ከተማ ውስጥ አሳንሰር ያለው ቤት እንዳየች፣ ከራሷ ቤት ሁለት መንገድ ብቻ እንደሚርቅ፣ መስኮቱም ፀሐይ እንደሚገባው።

ቨርሊን ፀሐይ እዚህም እንደሚገባ ነገረቻት። ኦርቫል አለ፣ ጠርቼው ይከፍትልኛል አለች።

«እማዬ፣ ኦርቫል ይከፍትልሽና ዘግቶብሽ ይመለሳል» አለች ጆሊን። «ዛፍ ቢወድቅበትስ ማን ነው ከስር የሚገፋው? እሱ በረንዳው ላይ ቆሞ ዳመና ሲቆጥር።»

ይህ እውነት ነበር። ኦርቫል ቴት በዕድሜው ሙሉ ጉድጓድ ገብቶ አያውቅም። የማስጠንቀቂያው ሳይረን ሲጮህ ሌላው ወንድ በረንዳ ወጥቶ አንድ ጊዜ ሰማዩን ያይና፣ ሚስቱ ስትጮህበት እየተጎተተ ይወርዳል፤ ልማዱ ነው። ኦርቫል ግን ወንበሩን ወደ ምዕራብ አዙሮ እግሩን አጣምሮ እንደ ሲኒማ ነው የሚያየው። «የፈሪ ጉድጓድ ለፈሪ ነው» ይላል። ሚስቱ ናዲን በሕይወት ሳለችም አጠገቡ በሌላው ወንበር ትቀመጥ ነበር፤ ቨርሊን ስንት ጊዜ ለምናት እምቢ ብላታለች። በውስጧም ትንሽ ተቀይማት ነበር፤ ኩራት መስሏት። ናዲን ካለፈች ወዲህ ያቺ ወንበር እዚያው ናት፣ ማንም አይቀመጥባትም፣ ድመት እንኳ።

በመጨረሻ እናትና ልጅ እንዲህ ተዋዋሉ። እስከ ግንቦት መጨረሻ አብሯት የሚወርድ ሰው ካገኘች፣ አንድ ቀን በእውነተኛ ሳይረን ወርዶ ከታየ፣ የቤቱ ነገር አይነሳም። ካላገኘች ቤቱ ይሸጣል፣ ቨርሊንም ያለ ክርክር አሳንሰሩን ትለምዳለች። ቨርሊን እጇን ሰጠች። ጆሊን ከሄደች በኋላ ነው ምን እንዳደረገች የገባት።

በማግስቱ የኮክ ኬክ ጋግራ መንገዱን ተሻገረች። ኦርቫል ኬኩን ተቀበለ፣ ጉዳዩን ግን አልተቀበለም። ነገሩን በሙሉ ነገረችው፤ ቤቱን፣ ግንቦትን፣ አሳንሰሩን። ሰምቶ ሲጨርስ ማንኪያውን ላሰ፣ ከዚያ መዝጊያውን በፈለገችው ሰዓት እንደሚከፍት፣ ቢያስፈልግ ተሸክሞም ደረጃው አፍ ላይ እንደሚያደርሳት ነገራት። ከደረጃው በታች ግን የለሁበትም አለ።

«ለምን?»

«ቺፕ ሀድሊ ውረዱ ሲል እወርዳለሁ።»

«ቺፕ ሀድሊማ ስንቴ ብሏል።»

«እኔን በስም ጠርቶ አላለም።»

ሳምንት አልፎ ሳምንት ተተካ። ብርቱካናማ ቀን ሁለት ጊዜ መጣ፤ ሁለቱንም ጊዜ ኦርቫል እንደ ቃሉ መጥቶ መዝጊያውን ከፈተላት። ሁልጊዜ እንደሚያደርገው በረጅም መኮትኮቻ እጀታ ብረቱን ፈልቅቆ፣ ራቅ ብሎ ቆሞ፣ አንገቱን ብቻ ወደ ጨለማው አስግጎ። እሷ ስትወርድ «በይ ደህና ሁኚ፣ ፈሪ» ብሎ ዘጋባት። ቨርሊን ፋኖሷን አብርታ ከኮኩና ከዲያቆን ጋር ተቀመጠች። ዶሚኖ ለብቻ አይሆንም። በሁለተኛው ጊዜ የአሳንሰር ድምፅ እንዴት ያለ ይሆን ብላ ስታስብ ራሷን አገኘችው፤ ተናደደችም።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል ትንበያው ስለ ቅዳሜ ማውራት ጀመረ። ሐሙስ ቢጫ ነበርን። ዓርብ ብርቱካናማው ከቴክሳስ በኩል ተነስቶ እንደ ፈሰሰ ሻይ ወደ እኛ መጣ። ቅዳሜ ጠዋት ዴል ካርታውን ሲያሳይ ቀዩ ከተማችን ደጃፍ ላይ ቆሟል። ቢሆንም ኮቱን እንደለበሰ ነበር፤ ነገሩ ወደ ማታ ነው፣ ምሳችሁን ተረጋግታችሁ ብሉ አለ። ቺፕ ሀድሊም ያንኑ ማለቱን ኦርቫል ከመንገድ ማዶ ጮኾ ነገራት፤ ሁለቱ ሲስማሙ ደግሞ ያስፈራል ብሎ ሳቀ።

ሁልጊዜ ቅዳሜ ቀትር ላይ የእሳት አደጋ ሠራተኛው ክሌተስ ሳይረኑን ይሞክራል። ከልጅነታችን ጀምሮ ያለ ነገር ነው፤ አገሩ በሙሉ ሰዓቱን የሚያስተካክለው በእሱ ነው። ሰማዩ ክፉ ከሆነ ግን ሰው እንዳይደናገር ክሌተስ ሙከራውን ይተወዋል። ያን ቀን ሰማዩ ክፉ አልነበረም። ወተት የመሰለ፣ የሚያጣብቅ፣ ከደቡብ የሚነፍስ ሙቀት ብቻ ነበር። ስለዚህ ሳይረኑ ሲጮህ ቨርሊን እጇ ሊጥ እንደሆነ ወንበር ስባ የኩሽናውን የግድግዳ ሰዓት ቀስት ወደ ፊት ገፋች። በመስኮት ስታይ ኦርቫልም በረንዳው ላይ የእጅ ሰዓቱን አውልቆ እየሞላ ነው። ከላይኛው ቤት ያለው ሰውዬ ደግሞ የመኪናውን ሰዓት ለማስተካከል በሩን ከፍቶ ጎንበስ ብሏል። መንገዱ በሙሉ ሰዓቱን አስተካከለ።

ሳይረኑ ግን አልቆመም።

ሙከራው አጭር ነው፤ ይጮሃል፣ ይወርዳል፣ ያበቃል። ይሄኛው ወረደና እንደገና ወጣ። ቨርሊን ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረች። ዴል ኮት የለውም። ክራባት የለውም። እጅጌው ክርኑ ድረስ ተጠቅልሏል፣ ጣቱም በካርታው ላይ የእኛን ከተማ ነክቷል። ነገሩ ማታን አልጠበቀም፤ ያ ሙቀት ሁሉ ከምዕራቡ ተራሮች ወዲህ ቀድሞ ፈንድቷል።

ወጣች። በምዕራብ በኩል ያ ወተት የመሰለው ሰማይ ከስሩ አረንጓዴ ሆኗል። ንፋሱ ቆሟል። ከላይኛው ቤት ያለው ሰውዬ መኪናውን ከፍቶ እንደተወ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ብረት ሣጥኑ ሮጠ። ኦርቫል ቀድሞ መጥቶ መዝጊያውን ከፍቶላታል፤ ተመልሶም ወንበሩን እያዞረ ነው።

«ግቢ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ» አላት ከማዶ።

ቨርሊን ደረጃው አፍ ላይ ቆማ ጉድጓዱን አየችው። ከዚያ ፊቷን አዙራ፣ ጉልበቷን እየጎተተች፣ ሊጥ ያለበት እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መንገዱን ተሻገረች። የበረንዳውን ደረጃ መደገፊያውን ይዛ ወጣች። ሄዳ የናዲን ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ኦርቫል ቆሞ ቀረ።

«ከዚያ ላይ ተነሺ» አላት በዝግታ።

«አልነሳም። ሲኒማው ጥሩ ነው ስትል ስሰማ ነው የኖርኩት።»

«ቨርሊን፣ ቀልድ አይደለም። ይሄ ይመጣል።»

«ይምጣ። አብሬህ አየዋለሁ።»

ከስንዴ ጎተራው ወዲያ ዳመናው ወደ ታች ይዘረጋ ጀመር፤ ገና ቀጭን ነው፣ ግን መሬቱን ፈልጎ ነው። የመጀመሪያው በረዶ የበረንዳውን ቆርቆሮ መታው። ኦርቫል ዳመናውን አየ፣ ወንበሯን አየ፣ እንደገና ዳመናውን አየ። ፊቱ ላይ የነበረው ፍርሃት የዳመናው አልነበረም። ከዚያ አንድ ነገር አጉረምርሞ፣ በብብቷ ስር ገብቶ አነሳትና እንደ ስንዴ ጆንያ ተሸክሟት ሮጠ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው እንደዚያ ይሮጣል ብሎ የሚያምን የለም፤ የሮጠው ራሱም ኋላ ላይ ክዷል።

ደረጃውን ወረዱ። መዝጊያውን ከውስጥ ስቦ ቀረቀረው። ቨርሊን ፋኖሱን አበራች።

ኦርቫል ከመጨረሻው ደረጃ አልወረደም። እዚያው ቁጭ ብሎ ሁለት እግሩን ከመሬት አንስቶ አቅፏቸዋል። ከላይ ባቡር በቤቱ ጣሪያ ላይ የሚያልፍ የሚመስለው ድምፅ መጣ፤ እሱ ግን ወደ ላይ አላየም። ወለሉን ነው የሚያየው። ጥግ ጥጉን።

«ቨርሊን» አላት፣ በዚያ ጩኸት መሃል በጭንቅ እየተሰማ። «እዚህ ውስጥ እባብ አለ?»

ይሄኔ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባት። ረጅሙ መኮትኮቻ። ራቅ ብሎ መቆሙ። ዕድሜ ልኩን በረንዳ ላይ ያሳለፈው ጸደይ ሁሉ። ወደ መደርደሪያው ሰረቅ አድርጋ ስታይ የዲያቆን ጅራት ከሁለት የኮክ ጠርሙሶች መሃል ቀስ እያለ ይሳባል።

«የለም» አለችው።

ማለፊያ ውሸት ነበር፤ ዲያቆን ግን አላገዛትም። ድምፁ አስጨንቆት ይሁን እንግዳ መምጣቱ ገርሞት፣ ከመደርደሪያው ወርዶ በወለሉ መሃል ለመሃል ጥቁር ቀበቶ የመሰለ ገላውን ዘርግቶ አለፈ። ኦርቫል ቴት፣ አገር የሚያውቀው የበረንዳው ጀግና፣ አግዳሚው ወንበር ላይ እንዴት እንደወጣ አልታየም። ብቻ እዚያ ላይ ተገኘ፣ አንድ ጠርሙስ ኮክ እንደ ጦር ይዞ፣ ራሱ ጣሪያውን ነክቶ። ውጪው አውሎ ነፋስ፣ ውስጡ እባብ። መሄጃ የለም።

ቨርሊን መሳቅ ጀመረች። ልታቆም ፈልጋለች፤ አልሆነላትም። እንባዋ እየወረደ ሳቀች፣ ጎኗን ይዛ ሳቀች፣ ዲያቆንን በመጥረጊያ ወደ ጥጉ ስትገፋው ሳቀች። ኦርቫል ወንበሩ ላይ እንደቆመ ምክንያቱን ነገራት። ልጅ ሳለ ታላቅ ወንድሙ ለቀልድ ጉድጓዳቸው ውስጥ ቆልፎበት ነበር፤ በጨለማው አንድ ቀዝቃዛ ነገር በባዶ እግሩ ላይ አለፈ፣ ቆየም። ከዚያ ወዲህ ከንፋስ ጋር ይሻለኛል አለ፤ ንፋስ ቢያንስ ሲመጣ ይሰማል።

«ናዲን ታውቅ ነበር?»

«ናዲን ብቻ ናት የምታውቀው።» ኮኩን ቀስ ብሎ አስቀመጠው። «እሷ አውሎ ነፋስ ስትፈራ አትጠይቂኝ። ግን እኔ እንዳልዋረድ ብላ ያችን ሁለተኛ ወንበር ከቤት አወጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። በየዓመቱ። ሂጂ ከቨርሊን ጋር ግቢ ብላት አትሰማም። አሁን አንቺ ደግሞ መጥተሽ እዚያ ላይ ስትቀመጪ…» ብሎ ተወው።

ቨርሊን ሳቋ ቆመ። በናዲን ላይ ስታማው የኖረችው ኩራት ምን እንደነበር ገባት፤ ናዲን አሁን ብትኖር ኖሮ ቨርሊን እጇን ይዛ አትለቃትም ነበር። መጥረጊያውን ተደግፋ በዲያቆንና በኦርቫል መሃል ቆመች፣ ድምፁ ከላያቸው አልፎ እስኪሄድ።

ከዚያ በኋላ አንድ ጠርሙስ ኮክ ከፍተው በጣታቸው በሉ።

ሲወጡ ፀሐይ ነበር። አውሎ ነፋሱ የከተማውን ጫፍ ብቻ ነክቶ አልፏል፤ ጎተራው ቆሟል፣ ሰው አልተጎዳም። የቨርሊን ቤት ጥቂት መስታወት ነው ያጣው። የኦርቫልም ቤት ደህና ነው፤ በረንዳው ግን የለም። ቆርቆሮው፣ ምሰሶው፣ ወለሉ፣ እሱ የሚቀመጥበት ወንበር፣ ሁሉም እንደተጠረገ ነው። ሁለቱም መንገዱ መሃል ቆመው ባዶውን ቦታ አዩት። ኦርቫል ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው።

ክሌተስ በእሳት አደጋ መኪናው እየዞረ ሰው ሲቆጥር ደረሰባቸው። የናዲን ወንበር ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቀጥ ብላ፣ አንድ ጭረት ሳይነካት ተቀምጣ እንደተገኘች ነገራቸው። ከዚያ ሁለቱን ደጋግሞ አያቸው።

«ጋሼ ኦርቫል፣ በረንዳው ላይ አልነበሩም?»

«ጉድጓድ ውስጥ ነበርኩ» አለ ኦርቫል፣ ለከተማው ሁሉ እንደሚደርስ እያወቀ። «ቨርሊን ፈርታ ነው።»

ቨርሊን ከንፈሯን ነከሰች። አልተናገረችም፤ እስከ ዛሬም ለማንም አልተናገረችም፣ ከሁለት ሦስት ሰው በቀር።

ጆሊን ማታ ደወለች። መጀመሪያ የጠየቀችው ማን አብሮሽ ነበር ነው። ቨርሊን ስልኩን ለኦርቫል ሰጠችው። እሱም ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ከእንግዲህ ሳይረን በጮኸ ቁጥር እንደሚወርድ፣ ግን አንድ ነገር አስቀድሞ መውጣት እንዳለበት ነገራት።

«ዲያቆን አሁንም አለ እንዴ?» ብላ ጆሊን፣ ቨርሊን ከቆመችበት እስክትሰማ ድረስ ጮኸች፤ ከዚያ ሳቋ በስልኩ ውስጥ ፈሰሰ። በልጅነቷ በስሙ እየጠራችው አብራው አድጋለች። የቤቱ ነገር ከዚያ ወዲያ አልተነሳም።

አሁን ትንበያው ብርቱካናማ ባለ ቀን ቨርሊን ምሳዋን በልታ መጥረጊያዋን ይዛ ቀድማ ትወርዳለች፤ ዲያቆንን በክብር ወደ ጎመኑ መደብ ትሸኛለች። ኦርቫል ከላይ በመኮትኮቻው ተደግፎ ሽኝቱን ይቆጣጠራል፣ ስንት ክንድ እንደወጣም ይጠይቃል። በረንዳውን በበጋ መልሶ ሠርቶታል፤ አንድ ጊዜ ወጥቶ ሰማዩን አይቶ ለመውረድ ያህል፣ እንደማንኛውም ወንድ። ዶሚኖም ተጀምሯል፤ ቺፕ ይሻላል ዴል ይሻላል ክርክሩም እንደዚያው። የናዲን ወንበር ግን በረንዳው ላይ አልተመለሰችም። ከጉድጓዱ ታች፣ ከፋኖሱ አጠገብ ናት። ኦርቫል አግዳሚው ላይ ተቀምጦ፣ ዲያቆን መውጣቱን በዐይኑ አይቶም ቢሆን፣ ሁለት እግሩን ወንበሯ ላይ ያሳርፋል፤ ወለሉን እንዳይነካ።